ለሥጋ ነው ወይስ ለጉዞ?

 

በዚህ ሳምንት አንድ ወጣት ወንድማችን በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ቴሌግራም ላይ ወደ 9 ሺህ ተከታይ ያለው ቻናል አለው፤ ስለ ስልክ፣ ስለ ኮምፒውተርና ስለ አፕሊኬሽን ይጽፋል። «ኡስታዝ» ብሎ ጀመረ። (ኡስታዝ አይደለሁም፤ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፤ አልሰማኝም።) «አፊሌት ልጀምር ነው። አማዞን አለ፣ ክሊክባንክ አለ፣ የፎሬክስ ብሮከሮችም የቤቲንግ ሳይቶችም ፕሮግራም አላቸው። የትኛው ነው ጥሩ የሚከፍለው? ሐላሉን ብቻ ንገረኝ።»

መልሱን በሁለት መስመር ልልክለት ነበር። ቤቲንግ ሐራም ነው፣ አማዞን ይሻላል፣ በቃ። ከዚያ ጣቴን ሰበሰብኩ። ልጁ የጠየቀኝ ማን እንደሚከፍለው ነው። ያልጠየቀኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ የሚከፈለው ገንዘብ ከማን ኪስ እንደሚወጣና ያ ሰው በምትኩ ምን እንደሚያገኝ። ሁለተኛው ካልተመለሰ የመጀመሪያውን መመለስ አልችልም። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ ለእሱ የምልከው ደብዳቤ ነው፤ እናንተም አብራችሁ አንብቡት። «አንተ» እያልኩ ብጽፍም እህቴ፣ ለአንቺም ነው።

ሥራውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ድርጅት ለአንተ ብቻ የተሠራ ሊንክ ይሰጥሃል። ሊንኩን ቻናልህ ላይ ታስቀምጣለህ። ሰው ነክቶት ገብቶ ከገዛ ድርጅቱ ከሽያጩ ላይ ድርሻ ይከፍልሃል። አማዞን ይህን የጀመረው በ1996 ነው፤ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ድርጅቶች ይሠሩበታል። ኔትወርክ የሚባሉት ደግሞ በመሐል የቆሙ ናቸው፤ የብዙ ሻጮችን ፕሮግራም በአንድ ቦታ ሰብስበው ያቀርቡልሃል፤ ሽያጩን ይቆጥራሉ፤ ክፍያህን ያስተላልፋሉ። በአማርኛችን ግልጹ ስሙ ድለላ ነው።

ደላላ ሲባል ፊትህ እንደሚጨማደድ አውቃለሁ። በአገራችን ቃሉ ስድብ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። ቤት የተከራየ ሁሉ ስለ ደላላ የሚያወራው አንድ ታሪክ አለው። ግን ቃሉን እስቲ ልብ በል። ከዐረብኛው «ደላል» ጋር አንድ ነው፤ ሥሩ ማመልከት፣ መንገድ ማሳየት ነው። በሶሒሕ ሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መልካም ነገር ያመላከተ ሰው የሠሪውን ያህል ምንዳ እንዳለው ሲነግሩን የተጠቀሙበት ግስ ከዚሁ ሥር ነው። እንግዲህ ሊንክ ማለት ሌላ ምንድን ነው? ጣትህን ዘርግተህ «ወደዚያ ሂዱ» ማለት ነው። የጠቆምክበት ቦታ መልካም ከሆነ ድርሻ አለህ። መልካም ካልሆነስ? ወደ ጥመት የጠራ ሰው የተከተሉትን ሰዎች ወንጀል ያህል እንደሚሸከም የሚናገረው ሐዲስም እዚያው ሙስሊም ውስጥ አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸውና ሊንክ የመለጠፍ ክብደቱ ይገባሃል።

ሥራው ራሱ አያሳፍርም። ኢማም አል-ቡኻሪ በሶሒሓቸው ውስጥ ስለ ደላላ ክፍያ ለብቻው ባብ ከፍተው፣ ኢብኑ ሲሪን፣ ዐጧእ፣ ኢብራሂምና ሐሰን በደላላ ክፍያ ላይ ችግር እንዳላዩ ጠቅሰዋል። በሱረቱ ዩሱፍም የንጉሡን መስፈሪያ ላመጣ ሰው የአንድ ግመል ጭነት እንደሚሰጠው ተነግሯል፤ ብዙ የፊቅህ ሊቃውንት በሥራ ውጤት ላይ የሚከፈል ሽልማት እንደሚፈቀድ ከዚህ ያስረዳሉ። ቀይስ ኢብኑ አቢ ገረዛ (ረ.ዐ) የተባሉ ሰሐባ ያስተላለፉት ሌላ ሐዲስ አለ። በመዲና ገበያ እነሱን ሰዎች «ደላሎች» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጡና ከዚያ በተሻለ ስም «ነጋዴዎች» ብለው ጠሯቸው። ቀጥለው ግን በሽያጭ ውስጥ ከንቱ ወሬና መሐላ እንደሚገባበት አስታውሰው፣ ንግዳቸውን በሶደቃ እንዲቀላቅሉት አዘዟቸው። ስማቸውን ከፍ አደረጉላቸው፤ አደጋውንም አልደበቋቸውም። ይህን ሐዲስ ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዋሢላ ኢብኑል-አስቀዕ (ረ.ዐ) የተባሉ ሰሐባ ነበሩ። ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ውስጥ እንደሚተርኩት አንድ ቀን ገበያ ቆመው ሳለ አንድ ሰው ግመሉን በ300 ዲርሃም ሸጠ። ዋሢላ ለአፍታ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር፤ ሲነቁ ገዢው ግመሏን ይዞ ሄዷል። ከኋላው እየሮጡ ተጣሩ። ሲደርሱበት የጠየቁት ጥያቄ ነው የዛሬው ርዕሳችን፤ የገዛሃት ለሥጋ ነው ወይስ ለጉዞ? ሰውየው ለጉዞ አለ። እንግዲያው ኮቴዋ ላይ ቀዳዳ አይቻለሁ፤ ረጅም መንገድ አትዘልቅም አሉት። ገዢው ተመለሰ፤ ሻጩ ከዋጋው 100 ዲርሃም ቀነሰለት። ሻጩም ወደ ዋሢላ ዞሮ፣ አላህ ይዘንልህና ሽያጬን አበላሸህብኝ አላቸው። እሳቸውም ለእያንዳንዱ ሙስሊም ቅን ሊሆኑ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቃል እንደገቡ ነገሩት። ደግሞም ሻጭ ነውሩን ሳይገልጽ መሸጥ እንደማይፈቀድለት ሁሉ፣ ነውሩን ያወቀ ሌላ ሰውም ዝም ማለት እንደማይፈቀድለት አስረዱት።

አስተውል፤ ዋሢላ ሻጭ አልነበሩም። ደላላም አልነበሩም። ከሽያጩ አንዲት ዲርሃም አያገኙም። ቆመው የሚያዩ ሰው ነበሩ፤ አይተው ስላወቁ ብቻ ሮጡ። አንተ ግን ከመቆም አልፈህ ጠቁመሃል፤ ለጠቆምክበትም ይከፈልሃል። እሳቸው ለመሮጥ ከተገደዱ አንተ «እኔ እኮ ሊንክ ብቻ ነው ያስቀመጥኩት» የምትለው በምን ሒሳብ ነው?

ሁለተኛ ነገር፤ ጥያቄያቸውን እንደገና ተመልከት። ግመሏ መጥፎ ናት አላሉም። ለሥጋ የሚፈልጋት ሰው ቢሆን የኮቴዋ ቀዳዳ ምንም አይደለም። የጠየቁት የገዢውን ጉዳይ ነው። እኛ ቻናል ላይ የምንጽፈው ደግሞ «ምርጥ ላፕቶፕ»፣ «ምርጥ ኮርስ» ነው። ለማን ምርጥ? ቪዲዮ ለሚያቀናብር ልጅ ነው ወይስ ወርድ ላይ ለምትጽፍ ተማሪ? ለ9 ሺህ ሰው በአንዴ ስትጽፍ የእያንዳንዱን ጉዳይ መጠየቅ አትችልም። መልካም፤ ግን «ለዚህ ይሆናል፣ ለዚያ አይሆንም» የሚል አንድ መስመር መጻፍ ትችላለህ። ያቺ መስመር አንዳንድ ገዢ ታሳጣሃለች። ዋሢላም ሻጩን 100 ዲርሃም አሳጥተውታል።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅኩትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ገባሁበት። ስለ ኦንላይን ሥራ የሚያስተምር የ97 ዶላር ኮርስ ነበር፤ ከአንድ ሰው 48 ዶላር ገደማ ይከፍል ነበር። ኮርሱን አልወሰድኩትም። የሻጩን ገጽ አነበብኩ፤ ምስክርነት የሰጡ ሰዎችን ቪዲዮ አየሁ፤ «ሕይወት የሚቀይር» ብዬ ለጠፍኩ። አንዲት በዐረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እህት ገዛችው። ከሁለት ወር በኋላ ጻፈችልኝ። እንግሊዝኛው እንደከበዳት፣ ትምህርቱም ኮምፒውተር እንደሚጠይቅና እሷ ያላት ስልክ ብቻ እንደሆነ፣ ገንዘብ የማስመለሻው ጊዜም እንዳለፈባት ነገረችኝ። አልተቆጣችም። «አንተ ስላልክ ነው የገዛሁት፤ ሌላ የምከፍለው አለ እንዴ?» ብላ ነው የጠየቀችኝ። በስልክ ብቻ እንደማይሠራ አላውቅም ነበር። አላውቅም ነበር ማለቴ ግን ከወንጀል የሚያወጣኝ አልመሰለኝም፤ ምክንያቱም ሳላውቅ እንደሚያውቅ ሰው ነው የተናገርኩት። 48ቱን ዶላር መለስኩላት። ሌላውን 49 ማን ይመልስላት?

ኮርሱ ራሱ ሌባ ነበር አልልም። ምናልባት ጥሩ እንግሊዝኛና ላፕቶፕ ላለው ሰው ይጠቅማል። ለጉዞ ለፈለገች እህት ለሥጋ የምትሆን ግመል ጠቆምኩ።

ስለዚህ ፕሮግራም ስትመርጥ ኮሚሽኑን ከገንዘብ መጠን ባለፈ እንደ ምልክት አንብበው። አማዞን እንደ ዕቃው ዓይነት ለአብዛኛው ከ1 እስከ 10 በመቶ ይከፍላል፤ በሚያዝያ 2020 ደግሞ ብዙዎቹን ቀንሷቸዋል፤ የቤት ዕቃ ከ8 ወደ 3 በመቶ ወረደ። ትንሽ ነው፤ ምክንያቱም ዕቃው ተሠርቶ፣ ተጓጉዞ፣ ተከማችቶ ነው የሚሸጠው። ከ1998 ጀምሮ የሚሠራው ክሊክባንክ ደግሞ ኮርስና ዲጂታል ነገር ይሸጥበታል፤ እስከ 75 በመቶና ከዚያም በላይ የሚከፍሉ ሻጮች አሉበት። ፋይል ለማባዛት ወጪ የለውም፤ ከፍ ያለ ኮሚሽን ብቻውን የማጭበርበር ማስረጃ አይደለም። ግን ቆም ብለህ አስብ፤ ገዢው ከሚከፍለው ሦስት አራተኛው ለአሳማኙ ከሄደ፣ ለአስተማሪው የቀረው አንድ አራተኛ ነው። ሻጩ በምርቱ ከሚተማመን በላይ በምላስህ ይተማመናል ማለት ሊሆን ይችላል። ክሊክባንክ «ግራቪቲ» የሚለው ቁጥር አለ፤ ጀማሪ ሁሉ እሱን አይቶ ይመርጣል። ቁጥሩ የሚለካው በቅርብ ጊዜ ምን ያህል አፊሌቶች ምርቱን እንደሸጡት ነው። ገዢዎቹ ተጠቅመውበት እንደሆነ አይነግርህም። አንተ ማወቅ የምትፈልገው ግን ይህንኑ ነው፤ ስንቱ ገዝቶ ስንቱ ገንዘቡን አስመለሰ።

በየወሩ የሚከፈልባቸው ሶፍትዌሮች ላይ ደግሞ ሰውየው እስከከፈለ ድረስ ለአንተም የሚከፍሉ ፕሮግራሞች አሉ። ጥሩ ነገር ነው። ሆኖም ሰውየው ማቋረጡን ረስቶ የሚከፍለውም ገንዘብ ላይ ድርሻህ ይቀጥላል። «እንዴት እንደምታቋርጡት ይኸው» የሚል ማስታወሻ ከሊንኩ ጋር የጻፈ ሰው እስካሁን አላየሁም።

አሁን ስለ ቤቲንግ። «ሐራም ነው» ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ አላህ በቁርኣን ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አንድ ላይ አንስቶ እንድንርቀው አዞናልና። ግን ውሉን አንብበኸው ታውቃለህ? ከተለመዱት የክፍያ ዓይነቶች አንዱ የገቢ ድርሻ ይባላል። አንተ ካመጣሃቸው ተጫዋቾች ድርጅቱ ካገኘው የተጣራ ገቢ በመቶ ይህን ያህል ለአንተ ይላል። የቁማር ድርጅት ገቢ ምንድን ነው? የተጫዋቹ ሽንፈት ነው። ውልህ 30 በመቶ ቢሆንና በአንተ ሊንክ የገባው የሰፈርህ ልጅ 1000 ብር ቢሸነፍ፣ ተቀናሹ ሳይቆጠር 300ው የአንተ ነው። ቢያሸንፍ ደግሞ ሒሳብህ ይቀንሳል። ያ ልጅ ተከታይህ ነው፤ ምናልባት በአንድ ሶፍ ጎን ለጎን ትሰግዳላችሁ። አንተ የወሩ መጨረሻ ላይ የምትጠብቀው ገንዘብ እሱ ወደ ቤቱ ባዶውን እንዲገባ የሚጠብቅ ገንዘብ ነው። ሰው ለወንድሙ የሚወደውን ለራሱ የሚወደው እስኪሆን አያምንም የተባልን ኡማ ነን፤ ይህ ውል የተገላቢጦሹን በወረቀት አስፈርሞ ይከፍላል።

ከፎሬክስ ብሮከሮችም አንዳንዶቹ ያመጣኸው ሰው በነገደ ቁጥር ይከፍሉሃል፤ አተረፈም ከሰረም። እሱ አብዝቶ እንዲነግድ እንጂ በጥሞና እንዲነግድ የምትፈልግበት ምክንያት አይኖርህም። ወለድና ሌላውን የሸሪዓ ጉዳይ ለዑለማእ ልተወው፤ እኔ የምጠይቅህ ውሉ ልብህን ወዴት እንደሚጎትተው ብቻ ነው። ሰው አስገብቶ ሰው እያስገባ የሚከፈልበትን ደግሞ ከአፊሌት ጋር አታምታታው። በአፊሌት የሚከፈልህ ዕቃ ሲሸጥ ነው፤ በዚያኛው ከሥርህ ሰው ስትደረድር ነው። የሳዑዲ የፈትዋ ቋሚ ኮሚቴን ጨምሮ ብዙ ዑለማእ ከልክለውታል።

ስለ ኩኪ ትንሽ ልበል። ሰው ሊንክህን ሲነካ ብሮውዘሩ ላይ ትንሽ ምልክት ይቀመጣል። በአማዞን ምልክቱ የሚቆየው 24 ሰዓት ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያንተን ዕቃ ትቶ ሌላ ቢገዛም ኮሚሽኑ ያንተ ነው። ይህን የሚያበላሹበት መንገድ አለ፤ ሰው ምንም ሳይነካ ምልክቱን በድብቅ መትከል። ኢቤይን በዚህ መንገድ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ያታለሉ አሜሪካውያን በ2014 እስር ተፈርዶባቸዋል። ይህ ግልጽ ሌብነት ነው። ረቂቁ ነገር ሌላው ነው፤ አንተ የጠቆምከው የቁርኣን ማስቀመጫ ሆኖ፣ ሰውየው በዚያው ቀን የማይፈቀድ ነገር ቢገዛስ? ሪፖርቱ ላይ የተገዛው ዕቃ ስሙ ይታይሃል፤ አላየሁም ማለት አትችልም። ያልጠቆምክበትን ግዢ ወንጀል የምትሸከም አይመስለኝም። ገንዘቡን ግን እኔ ለራሴ አላስቀረውም፤ ለይቼ አወጣዋለሁ። አንተ የምታምነውን ዓሊም ጠይቅ።

«ሊንክ ብቻ ነው ያስቀመጥኩት» ወደሚለው ልመለስ፤ ይህን ክርክር ካፊሮቹም ፍርድ ቤት ወስደውታልና። በአሜሪካ ሊንስፓ የሚባል ድርጅት የአሳኢ ፍሬና የሰውነት ማጽጃ የሚባሉ የክብደት መቀነሻዎችን ይሸጥ ነበር። ሊድክሊክ የሚባል የአፊሌት ኔትወርክ አስተዋዋቂዎችን አገናኘው። አንዳንዶቹ አስተዋዋቂዎች የዜና ድረ ገጽ የሚመስል ገጽ ሠርተው፣ ጋዜጠኛ ሞክሮት ክብደት ቀነሰ ብለው ጻፉ። ጋዜጠኛም ሙከራም አልነበረም። የንግድ ኮሚሽኑ ሲከስ ኔትወርኩ ያው የታወቀውን መልስ ሰጠ፤ እኛ አገናኝ ነን፣ ገጾቹን የሠሩት ሌሎች ናቸው። በ2016 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ማታለሉን ያውቅ ነበር፣ ለመቆጣጠርም ሥልጣን ነበረው፤ ስለዚህ ተጠያቂ ነው አለ። «ማወቅ» የሚለውን ቃል ልብ በል። ዋሢላም ያሉት ያወቀ ሰው ዝም ማለት እንደማይችል ነው። ኔትወርክ ስትመርጥም ይህን ተመልከት፤ ውሸተኛ ሻጭን የሚያባርር ነው ወይስ ቆጥሮ የሚከፍል ብቻ? ሻጮቹን እንዴት እንደሚቀበል የሚገልጽ ደንብ አለው? ቅሬታ የሚያቀርቡበት ሰው አለ?

ኮሚሽን እንደምታገኝ መናገርም አለ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን መመሪያ አስተዋዋቂ ከሻጩ ጋር ያለውን የገንዘብ ግንኙነት ሰው በማያመልጠው መንገድ እንዲገልጽ ይጠይቃል። የአማዞን ውል ራሱ ያስገድድሃል። በአማርኛ ቻናሎች ላይ ግን የሚጽፈው በጣም ጥቂት ነው፤ ማን ይከሰናል ብለን ይመስለኛል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው እርጥብ አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። ሰዎች እንዲያዩት ከላይ ለምን አላደረግከውም አሉት። እህሉን አትሽጥ አላሉትም፤ እርጥቡን ከላይ አድርገው ነው ያሉት። አንተም ከሊንኩ ሥር በትንሽ ፊደል ሳይሆን ከላይ ጻፈው፤ «በዚህ ሊንክ ከገዛችሁ ኮሚሽን አገኛለሁ።» ሰው ይህን አንብቦ የማይነካው ከሆነ መጀመሪያም የነካው የማይከፈልህ መስሎት ነበር።

አሁን ልጁ የሚለኝን አውቃለሁ፤ ደጋግሞ ብሎኛልም። «ኡስታዝ፣ ተከታዮቼ አዲስ አበባና ደሴ ናቸው። ከአማዞን ማን ይገዛል? ዕቃው አይመጣም፤ ቢመጣም የማጓጓዣው ዋጋ ከዕቃው ይበልጣል። ለእኔ ተከታይ የሚሆነው ቤቲንግና ፎሬክስ ብቻ ነው። ታናናሾቼን የማስተምረው እኔ ነኝ።» ይህ ቀልድ አይደለም። ብዙ ቻናሎች ወደዚያ የሚንሸራተቱት ከክፋት አይደለም፤ ሌላው በር ስለተዘጋባቸው ነው። «ሐላሉን ከያዝክ አላህ እጥፍ ይሰጥሃል» ብለው በቀላሉ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። አላህ ሰጪ ነው፤ ጥርጥር የለኝም። ግን ሐላልን ገንዘብ የማብዣ ዘዴ አድርገን ካቀረብንለት፣ በሚቀጥለው ወር ገቢው ሲቀንስ ምን እንለዋለን? ጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ፈረስ በ300 ዲርሃም ሊገዙ ሲሆን ፈረሱ ከዚያ እንደሚበልጥ አይተው ዋጋውን በገዛ ራሳቸው ላይ ከፍ እያደረጉ 800 ከፈሉ ይባላል። 500 ዲርሃም ከኪሳቸው ወጣ። በሌላ በር ተመልሶ መጣ የሚል በታሪኩ ውስጥ የለም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ይቀንስብሃል። ምናልባት በጣም። ይህን ደብቄ ሐላሉን ባስተዋውቅልህ እኔም ነውሩን ደብቄ የሸጥኩ እሆናለሁ።

ግን ጥያቄውን ገልብጠው። የትኛው ኔትወርክ ይሻላል ከማለትህ በፊት፣ በገዛ ገንዘብህ ገዝተህ የተጠቀምክበትንና ቢጠፋብህ እንደገና የምትገዛውን ሦስት ነገር ጻፍ። ለማን እንደሚሆንና ለማን እንደማይሆን ከጎኑ ጻፍ። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚሸጠው ፈልግ። ድርጅቱ ፕሮግራም ካለው ግባ። በባሕረ ሰላጤው አገራትና በአሜሪካ ላሉ ተከታዮችህ የአማዞን ሊንክ ይሠራል። ለአዲስ አበባው ደግሞ ኔትወርክ የግድ ኢንተርኔት ላይ መሆን የለበትም። መርካቶ ሂድ። አንድ ባለሱቅ ጋር ተስማማ፤ በአንተ ስም ለመጣ ገዢ ይህን ያህል፤ ዕቃው ከተበላሸ በዚህን ያህል ቀን ይቀይራል፤ በጽሑፍ። ገዢህ ቢከፋው የምትሄድበት በር ይኖርሃል፤ ባለሱቁም ፊትህን ያውቃል። ከሩቁ ሻጭ ይህን አታገኝም።

ይህን ጽፌ ረቡዕ ማታ ላክሁለት። መልሱ ሐሙስ ከዙህር በኋላ መጣ። ዝርዝሩን ጽፏል፤ ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ፣ የላፕቶፕ መቆሚያና የስልክ ባትሪ መሙያ። ከጎናቸውም ጽፎባቸዋል፤ ማዳመጫው ለዳዕዋ መስሚያ ጥሩ ነው፣ ለስልክ ጥሪ ግን ድምፅህ አይሰማም ይላል። ከዚያ መርካቶ ሄዶ ነበር። ሁለት ሱቆች «ጊዜ የለንም» ብለው አባረውታል። ሦስተኛው ባለሱቅ፣ ሽማግሌ ናቸው አለኝ፣ ጨርሶ እስኪናገር ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ልጄ፣ አንተ ደላላ ነህ?»

ምን ብዬ ልመልስላቸው ነበር ይለኛል። ቅዳሜ ተመልሶ ይሄዳል፤ ኢንሻአላህ። ዛሬ ከሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ስለምንገናኝ የቀይስን ሐዲስ እዚያው አነብለታለሁ።